የመከዳ ታሪክ፦ ከስሜን መደብ እስከ ሕሙማን አልጋ

በስሜን ደጋ የሚኖር ሰው መኝታውን በእጁ ካለው ነገር አበጅቷል። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራው መደብ፣ ከጥሬ ቆዳ በተቆረጠ ጠፍር የተወጠረው አልጋ፣ በላዩ የሚነጠፈው ቁርበት፣ ከቁርበቱም ላይ የሚደረበው ባለ ጠጉር የበግ ቆዳ ማለትም አጎዛ፣ በራስጌ የሚቀመጠው መከዳ፣ እነዚህ ሁሉ ብርድን ለመከላከልና ድካምን ለማሳረፍ ብቻ የተፈጠሩ ይምሰሉ እንጂ በውስጣቸው አንድ ጥንታዊ የምህንድስና ጥያቄ ተሸክመዋል። ጥያቄውም የሰውን አካል ክብደት በምን ላይ፣ በምን ያህል ስፋት፣ ለስንት ሰዓት ማሳረፍ ይቻላል የሚል ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ጥያቄ ሳያስበው ይመልሰዋል። በእንቅልፉ መካከል ይገላበጣል፤ እግሩን ያጥፋል፤ ይዘረጋል። አከርካሪው የተጎዳ፣ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት፣ ጭኑ ተሰብሮ የተጋደመ ወይም ራሱን ስቶ የተኛ ሕመምተኛ ግን መልሱን ከሌላ ሰው እጅ ይጠብቃል።

መልሱ ሳይመጣ ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት በአገራችን የአልጋ ቁስል ይባላል። ስያሜው ጥፋቱን በአልጋው ላይ ያላክካል እንጂ የጉዳቱን ጠባይ አይገልጽም። ይኸው ጉዳት በቃሬዛ ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛም ላይ ይደርሳልና። በአሜሪካ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚመክረው ብሔራዊ አካል እ.ኤ.አ. በ2016 «የግፊት ጉዳት» የሚለውን ስም የመረጠው፣ ቆዳው ሳይቀደድም ከሥሩ ያለው ሥጋ ሊሞት እንደሚችል በመገንዘብ ነው። በእርግጥም ከባዱ ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ አጥንትና ሥጋ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። የወገብ መጨረሻ አጥንት፣ የዳሌ ጎን፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርንና የራስ ቅል የኋላ ክፍል ሽፋናቸው ስስ በመሆኑ፣ በአጥንቱና በመኝታው መካከል የተያዙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ፤ ሥጋውም ቅርጹን አጥቶ ሕዋሳቱ ይጎዳሉ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ ሰውነት ወደ ግርጌ ሲንሸራተት ደግሞ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተይዞ ይቀርና አጥንቱ ብቻውን ይወርዳል። በመካከል ያለው ሥጋ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጎተታል። ላብና ሽንት ቆዳውን ሲያርሱት ነገሩ ይፋጠናል።

የጉዳዩ መሠረት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ክብደቱ 4,000 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በሚሆን ገጽ ላይ እኩል ቢሰራጭለት ኖሮ በቆዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት 11 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ብቻ በሆነ ነበር። ይህም ማንንም አይጎዳም። ችግሩ የሰው አካል ጠፍጣፋ አለመሆኑ ነው። በጀርባው በተኛ ሰው ተረከዝ ላይ 2 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት 10 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በሆነች ስፍራ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ ወደ 147 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወጣል። አሁን ደግሞ ከጉልበት በታች ያለውን እግር በሙሉ፣ ማለትም 3.6 ኪሎ ግራም ያህሉን፣ ከባቱ ሥር የገባ መከዳ በ200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ ተቀብሎ ተረከዙን በአየር ላይ ቢያቆየው፣ በባቱ ላይ የሚያርፈው 13 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በተረከዙ ላይ የሚያርፈው ዜሮ ነው። ለዚህ ሞተርም ኤሌክትሪክም አያስፈልግም። ደጋፊ መከዳ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ለምቾት ብቻ የሚቀመጥ ትራስ ሳይሆን፣ ሸክምን ከአጥንት ጉብታ አንሥቶ ሥጋ ወዳለበት ቦታ የሚያዛውር መሣሪያ።

ይህን የተረዳ ሰው በመጻሕፍት ከሚታወቁት መካከል ቀደምት የሆነው ፈረንሳዊው የጦር ሜዳ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 ጉልበቱ አጠገብ በጥይት ተመቶ ለረጅም ጊዜ የተኛ አንድ መስፍን እንዲያክም ተጠርቶ በሄደ ጊዜ፣ ሕመምተኛው ከጥይቱ ቁስል ሌላ በመቀመጫው ላይ ሁለተኛ ቁስል እንዳለበት አየ። ፓሬ ካዘዛቸው ነገሮች አንዱ በላባ የተሞላ ትንሽ ትራስ ተሠርቶ የቆሰለው ቦታ ምንም ሳይነካ በአየር ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነበር። ቅባትና መድኃኒት በሚታመንበት ዘመን ሸክሙን ማንሣት እንደ ሕክምና መታዘዙ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ወደፊት ብቻ የተጓዘ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ፈልሳፊ ኒል አርኖት እ.ኤ.አ. በ1832 በውኃ የተሞላ ገንዳ ላይ ጎማ የተቀባ ጨርቅ ዘርግቶ የውኃ አልጋ ሠራ። ፈሳሽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚገፋ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። በ1850ዎቹ ብራውን ሴካር የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አከርካሪያቸው በተቆረጠ እንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ግፊትና እርጥበት ሲወገድ ቁስሉ እንደማይመጣ አሳየ። ይሁን እንጂ ታላቁ የፓሪስ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ ቁስሉ ከተጎዳው ነርቭ በቀጥታ የሚመነጭና የማይቀር የሞት ምልክት ነው ብሎ አስተማረ። ትልቅ ስም የተሳሳተ ሐሳብን ምን ያህል ዕድሜ እንደሚሰጠው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የማይቀር ነው ከተባለ ማን ትራስ ያበጃል? እንግሊዛዊቷ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል ግን ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ በጻፈችው የነርስነት መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለው ቁስል የሚመጣው በአብዛኛው ከበሽታው ሳይሆን ከአስተኛኘቱና ከአያያዙ መሆኑን በግልጽ አስፍራለች። ፍርዱ በነርሷ ላይ ብቻ መውደቁ ዛሬ ሲታይ ትንሽ ይከብዳል፤ ፍራሹን የሠራውና የገዛውም አብሮ ሊጠየቅ ይገባ ነበርና።

በምህንድስና ረገድ የሃያኛው መቶ ዘመን ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ዩጂን ላንዲስ በሰው ጣት ጥፍር ሥር ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እጅግ የቀጠነ የብርጭቆ ቧንቧ አስገብቶ የደሙን ግፊት ለካ፤ በደም መግቢያው ጫፍ አማካዩ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ከጥፍር ሥር ተነሥቶ ወደ ዳሌና ወደ ተረከዝ ተሻገረ፤ የፍራሽ ነጋዴዎች ዕቃቸው «ከ32 በታች» መሆኑን የሚያውጁበት መለኪያ ሆኖም ለብዙ ዓመታት አገለገለ። አንድ መለኪያ ከተወሰደበት ሁኔታ ተነጥሎ ሲሠራበት የሚያደርሰውን ስሕተት መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። የተሻለውን መንገድ ያሳየው ማይክል ኮሲያክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በውሾች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ ከፍተኛ ግፊት በአጭር ጊዜ፣ ዝቅተኛ ግፊት ደግሞ በረጅም ጊዜ ተመሳሳይ ጉዳት እንደሚያደርሱ አረጋገጠ። በዚህ ግኝት መሠረት ደኅና የሆነ አንድ ግፊት የለም፤ ግፊትና ጊዜ አብረው ይቆጠራሉ እንጂ። ስለዚህም መከዳና ሰዓት የአንድ መሣሪያ ሁለት ክፍሎች ናቸው።

የግፊቱና የጊዜው ሒሳብ በወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት በተግባር የሠራበት ቦታ ስቶክ ማንደቪል የተባለው የእንግሊዝ ሆስፒታል ነበር። ከናዚ ጀርመን በስደት የወጣው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 የአከርካሪ ጉዳት ክፍሉን በዚያ ሲከፍት፣ ወገባቸው የተመታ ወታደሮች በአብዛኛው በቁስልና በሽንት መንገድ መመረዝ የሚያልቁ፣ ሐኪምም ተስፋ የሚቆርጥባቸው ሰዎች ነበሩ። ጉትማን አዲስ መድኃኒት ይዞ አልመጣም። ሕመምተኛው በትራሶች ተደግፎ እንዲተኛ፣ ሌሊትና ቀን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገለበጥ፣ ቆዳው በየጊዜው እንዲታይ አደረገ፤ ትእዛዙ መፈጸሙንም ራሱ በሌሊት እየዞረ ይቆጣጠር ነበር። ሰዎቹ መሞታቸውን ሲተዉ ወንበራቸው ላይ ሆነው ስፖርት እንዲሠሩ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረው ያ ውድድር በኋላ የፓራሊምፒክ እናት ሆነ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በሮምና በቶኪዮ የማራቶን ድል የተቀዳጀው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ በሆነ ጊዜ፣ ለሕክምና የተወሰደው ወደዚሁ ወደ ስቶክ ማንደቪል ነበር። በዚያም ለወራት ታክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል ውድድር ቀስት ለመወርወር ተሰለፈ፤ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአንጎል ደም መፍሰስ እስካረፈበት ቀን ድረስም በሕዝብ ፊት ይታይ ነበር። ሕዝቡ በወንበር ላይ የተቀመጠውን ጀግና አይቶ አለቀሰ። ያን ወንበር ያስቻለው፣ ሕመምተኛን በትራስ ደግፎ በሰዓት የመገልበጥ ሥርዓት ግን ከጀግናው ጋር ወደ አገር አልገባም። የአንድ ሰው ዕድል ሆኖ ቀረ።

የግፊት ሳይንስ ወደ ኢትዮጵያ በቋሚነት የገባው ባልተጠበቀ በር፣ በጫማ በኩል ነው። በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል፣ እግራቸው የማይሰማቸውን ሕሙማን ሲያክም የገጠመው ችግር ከአልጋ ቁስል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሕመም የማይሰማው እግር ክብደቱን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አያዛውርም፤ ስለዚህ በአንዲት ነጥብ ላይ ደጋግሞ ይረግጣል፤ ይቆስላል። መልሱም ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ባሉት ለስላሳ ጎማ የተሠራ የውስጥ ሶል፣ ከሥሩ ደግሞ እሾህ የማያሳልፍ ጠንካራ ሶል ሆነ። የጎማው ጥንካሬ ልክ እንዲኖረው ይፈለጋል። እጅግ ከለሰለሰ ተጨፍልቆ ያልቃል፤ ከጠነከረ ሸክሙን አያሰራጭም። በጫማ ጥገና ክፍል ውስጥ የተገኘው ይህ ዕውቀት ወደ ሕሙማን መኝታ ክፍል ቢሻገር ኖሮ የአልጋ ቁስል ታሪካችን ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ለምን አልተሻገረም? መልሱን ለማግኘት ወደ ጎንደር መመለስ ያስፈልጋል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍን በመሰሉ ድርጅቶች ድጋፍ ሲቋቋም፣ ከፊቱ የነበረው ችግር ወረርሽኝ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ያስከተለው እልቂት ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም። ስለዚህ ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኛ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ምንጭ እንዲጎለብት፣ መጸዳጃ እንዲቆፈር፣ ሕፃናት እንዲከተቡ፣ እናቶች በደኅና እንዲወልዱ ተሠራ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋሙ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በዳባት የምርምር ማዕከል ተከፍቶ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት መመዝገብ ያዘ። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ ማንም ባለሙያ በዚያን ጊዜ ቢሆን የሚመርጠው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ለብዙኃኑ ሲባል የተቀረጸው የጤና አገልግሎት፣ አልጋ ላይ የወደቀውን አንድ ሰው ለቤተሰቡ ትቶለታል። የታመመን ማገላበጥ የአስታማሚ ሥራ ሆነ። በአገራችን ሆስፒታሎች ዛሬም ሕመምተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያነሣውና የሚያስተኛው በአብዛኛው ከቤት አብሮት የመጣው ዘመድ ነው።

ይህ ዘመድ ታዲያ ሥራውን የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ሳይሆን ከመንደሩ ነው። ከራስ ደጀን ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን አምቢኮን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከዚያ ወደ ደባርቅ አቅጣጫ የሚነሣ ቃሬዛ የመሸሃን ሸለቆ ወርዶ ወንዙን ይሻገራል፤ ከዚያም ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የቧሂት መተላለፊያ ይወጣል፤ በጨነቅ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወስደው የመኪና መንገድም በራሱ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ኮረኮንች ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ደግሞ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ከገደል የወደቀ እረኛ ወይም ምጥ የጠናባት ወላድ በዚህ መንገድ ስትጓዝ፣ ሁለት ምሰሶ ላይ በተወጠረ ገመድ ወይም ጨርቅ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች፤ እንዳትወድቅም ትታሰራለች። ዳገቱ ላይ ቃሬዛው ሲያዘነብል አካል ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው ይያዛል፤ ሥጋው ይጎተታል። የኮሲያክ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው እዚህ ነው። ሕመምተኛው ደባርቅ ሆስፒታል ደርሶ ካርድ ሲወጣለት ቆዳው ደኅና ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ ግን ከሥር ተጀምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ በወገቡ ላይ ጠቁሮ ብቅ ሲል ሆስፒታሉ ያመጣው ተደርጎ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። የመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያው ምልክት የቆዳ መቅላት ነው ይላሉ። ይህ የተጻፈው ነጭ ቆዳ ላላቸው ሕሙማን ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ አይታይም፤ የቦታውን ሙቀት በእጅ ጀርባ ከአካባቢው ጋር አነጻጽሮ መዳሰስ፣ መጠንከሩን ወይም መላላቱን ማየት፣ ሕመምተኛው የሚሰማው ከሆነም እንዳመመው መጠየቅ ይሻላል። ይህን ለአስታማሚ ለማስተማር ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

በክልሉ የተደረጉ ጥናቶች የችግሩን መጠን ያመለክታሉ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ 422 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከመካከላቸው 16.8 በመቶ የሚሆኑት የግፊት ጉዳት እንደደረሰባቸው አግኝቷል። በተከታዩ ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሚሠሩት ነርሶች 54.4 በመቶ የሚሆኑት ስለ መከላከያው በቂ ዕውቀት ሲኖራቸው፣ በተግባር በሚገባ የሚሠሩበት 48.4 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሆኖም አቅጣጫው ይታያል። ዕውቀቱ ካለው ነርስ ሁሉ እጅ ላይ ተግባሩ አልደረሰም። የሚያውቀውን እንዳይሠራ ከሚያደርጉት ነገሮች መካከል የሰው ኃይል ማነስ ሲገኝ፣ ሌላው የዕቃ እጥረት ነው። ሕመምተኛን በ30 ዲግሪ አጋድሞ ለማቆየት ቢያንስ ሁለት፣ ተረከዙን ለማንሣት አንድ፣ በጉልበቶቹ መካከል ለማስገባት ሌላ አንድ መከዳ ያስፈልጋል። ለአንድ አልጋ አንድ ትራስ በሚታደልበት ክፍል ውስጥ ዕውቀት ምን ይፈይዳል?

ችግሩን በአንድ ጊዜ የሚፈታ የሚመስለው አየር እየሞላና እየለቀቀ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ፍራሽ ነው። መሣሪያው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ መብራት ሳይቋረጥና መለዋወጫ ሳይጠፋ በሚሠራበት አገር ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ወይም ፓምፑ ሲቆም አየሩ ቀስ በቀስ ይወጣና ሕመምተኛው በፕላስቲኩ በኩል ከአልጋው ብረት ጋር ይገናኛል። ፍራሹ ግን ከላይ ሲታይ አሁንም ውድ መሣሪያ ነው፤ በእርሱም በመታመን ሕመምተኛውን የሚገለብጠው ሰው አይመጣም። የተቋረጠ መሣሪያ ከሌለ መሣሪያ የሚብስበት ጊዜ አለ።

በሌላ በኩል ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ምን ያህል እንደሚያግዝ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በአሜሪካና በካናዳ በአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ በ942 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ጥቅጥቅ ባለ ስፖንጅ ላይ የተኙትን በየሁለት፣ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ በመገልበጥ መካከል በጉዳቱ መጠን ላይ ልዩነት አላገኘም። በአንድ ሌሊት አንዲት ነርስ ብዙ ሕሙማንን በምትጠብቅበት ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስፖንጁ የተሻለ ሲሆን ሰዓቱ ይረዝማል፤ ሰዓቱ ሲረዝም ትእዛዙ የሚፈጸም ይሆናል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች በቋሚ እንክብካቤ ሥር የነበሩ ስለሆኑ፣ አከርካሪው ትናንት ለተሰበረ ሰው ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይገባም።

ስለ መከዳው አሠራር ሲነሣ በመጀመሪያ መተው ያለበትን መናገር ይቀላል። መካከሉ ክፍት የሆነው የቀለበት ትራስ ለዓይን አሳማኝ ነው፤ ቁስሉ ምንም አይነካምና። ይሁን እንጂ ሸክሙ በሙሉ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ወደ መካከሉ የሚሄደውን ደም ዙሪያውን ያንቃል። ውኃ የተሞላ የእጅ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግም በብዙ ቦታ የተለመደ ሲሆን፣ የተረከዙ ክብደት በትንሽ ስፋት ላይ ማረፉን አያስቀረውም። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ሁለቱንም አይመክሩም። ፓሬ የቆሰለውን ቦታ በአየር ላይ ያቆየው በትራስ እንጂ በቀለበት አልነበረም፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ሐኪም ከቀለበቱ ነጋዴ ይሻላል።

የተረከዝ መከዳ ስፋቱ ባቱን ከጉልበቱ ሥር ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቅራቢያ የሚቀበል፣ ነገር ግን ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት የማይጫን መሆን አለበት። ጉልበቱ ጥቂት እንዲታጠፍ ቢደረግ ከጉልበቱ በስተኋላ ያለው የደም ሥር አይጨነቅም። ለጎን የሚሆነው መከዳ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው፣ አንግሉ 30 ዲግሪ የሆነ ስፖንጅ ቢሆን፣ ሕመምተኛው ሙሉ በሙሉ በጎኑ ተኝቶ ክብደቱን በዳሌ አጥንቱ ላይ ከመጣል ይድናል። ሁሉም በማንኛውም ከተማ ፍራሽ በሚሠራ ሰው ቢላ ሊቆረጥ የሚችል ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ልክና የስፖንጅ ጥግግት ነው፤ ይህን ልክ ጽፎ ማቅረብ ደግሞ የመሐንዲስ ድርሻ ነው። ትራስን ከአንሶላና ከብርድ ልብስ ተርታ የመቁጠር ልማድ እስካለ ድረስ ግን ልኩን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም፤ ያረጀና የተጨፈለቀ ስፖንጅም ጨርቁ እስካልተቀደደ ድረስ እንደ ደኅና ዕቃ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞራል። በእጅ ሲጫኑት እስከ ታች የሚወርድ ስፖንጅ ሥራውን ጨርሷል።

ገለባ የሞላበት መከዳስ? ገለባ መጀመሪያ ላይ ሸክም ያሰራጫል፤ ወዲያው ግን በአንድ ቦታ ይደቃል፤ እርጥበት ይይዛል፤ አይታጠብም። ለቃሬዛ መንገድ ይሁን እንጂ ለሆስፒታል አይሆንም።

አጎዛው ግን በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ በአንድ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ለሕክምና የተዘጋጀ የበግ አጎዛ የተነጠፈላቸው ሕሙማን ጉዳት የደረሰባቸው 9.6 በመቶ ሲሆኑ ያልተነጠፈላቸው 16.6 በመቶ መሆናቸውን አመልክቷል። አጎዛ ግፊትን በመቀነስ ረገድ ከጥሩ ስፖንጅ ይልቃል ማለት አይደለም። ጠጉሩ ወደየአቅጣጫው ስለሚተኛ በቆዳና በመኝታ መካከል ያለውን ሰበቃና ጉተታ ይወስዳል፤ በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚያልፍም ላቡን ያደርቃል። ስለዚህ ቃሬዛው ዳገት በሚወጣበት መንገድ ላይ ከወገብና ከተረከዝ ሥር አጎዛ መደረቡ፣ ከጉልበት ሥር ጥቅል ልብስ ገብቶ አካሉ እንዳይንሸራተት መደገፉ፣ ተሸካሚ በተቀያየረ ቁጥርም የአከርካሪ ጉዳት የማይጠረጠርበት ሕመምተኛ ጥቂት ተነሥቶ ወገቡ ከሸክም እፎይ እንዲል መደረጉ በስሜን ቤት ሁሉ ባለው ዕቃ የሚፈጸም ነው።

በሆስፒታል ውስጥ ግን የቤቱ አጎዛ እንዳለ ሊገባ አይችልም። በፀሐይ የደረቀና በእጅ የታሸ ቆዳ በፈላ ውኃ ቢታጠብ ይኮማተራል፤ ሳይታጠብ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ቢዛወር ደግሞ ተሕዋስያን ያስተላልፋል። የአውስትራሊያው አጎዛ የሚለየው በዚህ ነው፤ ግሉታራልዴሃይድ በተባለ ኬሚካል በመልፋቱ ትኩስ ውኃን ደጋግሞ ይችላል፤ የጠጉሩም ርዝመትና ብዛት በደረጃ ተወስኗል። የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ በዓለም ገበያ በእጅ ጓንት ጥሬ ዕቃነቱ የታወቀ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ጠጉሩ ተላጭቶ የሚጣልለት ቆዳ ነው። ጠጉሩን ይዞ የሚለፋው ሌላ ሥራ ይሆናል፤ የደጋ በግ ጠጉር ከሜሪኖ በግ ይልቅ ሻካራና ሳሳ ያለ በመሆኑም ስንት ጊዜ ታጥቦ ሳይደቃ እንደሚቆይ፣ በምን ያህል ክብደት ሥር እንደሚተኛ፣ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ቆዳው ምን ያህል እንደሚኮማተር መለካት ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የቆዳ ፋብሪካ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንድ ሚዛንና ጥቂት የደባርቅ አጎዛዎች ናቸው።